ፍሬን ዝም ያሰኘሁበት ዓመት

ሮቤ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ። የምኖረው ግን ጎባ ነው። ጠዋት ወደ ሮቤ እወርዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ሮቤ ቤት ተከራይቼ መኖር እችል ነበር፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ግን አባቴን ብቻውን ትቼው መውጣት አልሆነልኝም።

ቤታችን ከጎባ በላይኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ከሳነቲ አምባ የሚወርደው መንገድ ከተማውን የሚነካው እዚያ ነው። ከመናም ይምጣ ከሪራ፣ መኪና ሁሉ ወደ ጎባ የሚገባው በእኛ አጥር ሥር ነው። መንገዱ ቁልቁል ይመጣና ልክ ከበራችን አጠገብ ድንገት ይታጠፋል። ስለዚህ ሾፌሮቹ ሁሉ ፍሬን የሚይዙት በራችን ላይ ነው። የጎባን ብርድና ጉም ለሚያውቅ ሰው የቀረውን መናገር አያስፈልግም፤ ፍሬን እርጥበት ሲነካው ከሌላው ጊዜ ይብስበታል። ሲጢጥ ብሎ የሚጀምርና ጆሮ በስቶ የሚወጣ ጩኸት ነው። እንግዳ ሲመጣ ንግግሩን አቋርጦ ይደነግጣል።

አባቴ ሾፌር ነበር። ያሳደገኝ ከጎባ በሳነቲ አድርጎ ሪራ፣ ከዚያም ጫካውን ጨርሶ መና ድረስ ሕዝብ እያመላለሰ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ከሳነቲ ወደ ሪራ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ገደል እንዳይገባ መኪናውን ወደ ተራራው ወገን አላተመው፤ ተገለበጠ። አራት ሰው ሞተ። እሱ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ተመረመረ፣ ተከሰሰ፣ ጥፋት የለብህም ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም፤ የሳነቲንም መንገድ አልረገጠም። ስለዚያ ቀን ከአፉ አንድ ቃል አልወጣም። እናቴ አልጠየቀችውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። አለመጠየቃችን እሱን ማክበር ይመስለን ነበር።

መኪና ሲወርድና ፍሬኑ ሲጮህ አባቴ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ነበረው። እየተጫወትን ከሆነ እጁን ከፍ አድርጎ ያስቆመኛል። እየበላ ከሆነ ጉርሻው እጁ ላይ ይቀራል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ጩኸቱ እስኪያበቃ ድረስ አይነቃነቅም። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍስና ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ በቀን አሥር ጊዜም፣ አሥራ አምስት ጊዜም ይሆናል። ያ ጩኸት አደጋውን እየመለሰ የሚያመጣበት መሰለኝ። ሰውዬው በገዛ በሩ ላይ በየቀኑ እየተገለበጠ ነው ብዬ አሰብኩ። በእኔ ቦታ ማንም ቢሆን እንደዚያ ያስብ ነበር እያልኩ ዛሬም ራሴን ለማጽናናት እሞክራለሁ።

ሮቤ ሄደን እንኑር ብዬ ለምኜዋለሁ። ሜዳ ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ፍሬን የሚያስጮህ ነገር የለም ብዬ በሆዴ አስቤ ነበር። እናትሽን ከሸኘሁበት ቤት አልወጣም አለኝ። እሱን ከጩኸቱ ማራቅ ካልቻልኩ ጩኸቱን ከእሱ ላርቅ አልኩ። የተማርኩት ትምህርት ለአባቴ አንድ ነገር ሊያደርግ የሚችልበት ጊዜ መጣ ብዬ ደስም አለኝ።

ፍሬን ለምን እንደሚጮህ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር የብረት ዲስክ አለ። ሾፌሩ ሲረግጥ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል። ሸራው ዲስኩን አንዴ ጨብጦ ዝም አይልም፤ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል፤ ይህም ዓይን ከሚያየው በላይ ይፈጥናል። ሸራው ይንቀጠቀጣል፣ ብረቱም አብሮት ይንቀጠቀጣል፤ ጩኸት የምንለው ይህንን ነው። እኛ አገር ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ሸራ ጠርዙ ስል ነው፣ ጀርባው ራቁቱን ብረት ነው፤ መንቀጥቀጡን የሚውጥለት ነገር የለውም።

መስከረም ላይ ጀመርኩ። ከክፍል በኋላ የኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ እቀራለሁ። መጀመሪያ የሸራውን ቅርጽ በወረቀት ላይ አነሳሁ፤ ጠርዙ ምን ያህል ሰያፍ ሆኖ ቢሞረድ፣ መሐሉ በምን ያህል ጥልቀት ቢሰነጠቅ እያልኩ ደብተር ሙሉ ሣልኩ። ለመሞከር መኪና ያስፈልገኝ ነበር። ጎረቤታችን የሆነ፣ ከጎባ መና የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር አለ፤ መንዳት ያስተማረው አባቴ ነው። ነገሩን ለእሱ ብቻ ነገርኩት። ለአባቴ እንዳይናገር አደራ አልኩት። እሱም ዋላሂ ከአፌ አይወጣም ብሎ መኪናውን ሰጠኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አሳፋሪ ነበር። መንቀጥቀጡን ይውጥልኛል ብዬ ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ በሸራው ጀርባ ለጠፍኩበት። ሙቀቱን ረስቼው ነው ማለት አልችልም፤ ለተማሪ የማስተምረውን ነገር ለራሴ ሲሆን አቃለልኩት። ሾፌሩ ገና ከጎባ ሳይርቅ ጎማው ሥር ጭስ ወጣ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። በማግስቱ መጥቶ፣ ቲቸር፣ ሽታው ከመኪናዬ እስኪለቅ ድረስ ሰው የሚሳፈረኝ አይመስለኝም አለኝ። ሳይቆጣ ነው ያለኝ፤ እኔ ግን ለሳምንት ወርክሾፑ ውስጥ አልገባሁም።

ሁለተኛ ጊዜ ስነሣ ለሞተር ክዳን የሚሆነውን፣ እሳት የሚችለውን ጓርኒሲዮን ወስጄ በሁለት ስስ ላሜራ መካከል አጣበቅኩት። ይህንን በሸራው ጀርባ አስቀመጥኩ። የሸራውን ሁለት ጠርዝ በሞረድ ሰየፍኩት፤ ዲስኩን በስለቱ ከመቧጨር ይልቅ ቀስ ብሎ እንዲገባበት ነው። መሐሉን በብረት መጋዝ ሰነጠቅኩት፤ አቧራውና ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አላገኘሁትም። አንዱ ከልክ በላይ ይሰየፋል፣ አንዱ ሲሰነጠቅ ይሰበራል። ሸራው ዝም ማለቱ ብቻውን እንደማይበቃ ግን አንድም ቀን አልዘነጋሁም። የማቆም ኃይሉ እንዳይቀንስ ከጎባ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ሾፌሩን እያስረገጥኩ፣ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት በእርምጃ እለካ ነበር። ከሚጮኸው ሸራ በአንድ እርምጃ እንኳ አልረዘመም። ይህን የምለው ልመካበት አይደለም። በኋላ የሆነው ነገር በሥራዬ ጉድለት እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

ጥር ላይ አንድ እሑድ፣ አባቴ ደጅ ነጭ ሽንኩርቱን እየኮተኮተ ሳለ ያ ሚኒባስ ወረደ። በራችን ላይ ፍሬን ያዘ፣ ታጠፈ፣ ሄደ። ድምፅ የለም። ከመስኮቱ ሆኜ አባቴን አየሁት። ቀና አለ። መኮትኮቻውን እንደያዘ መንገዱን ተመለከተ። ብዙ ቆይቶ ጎንበስ አለ። ያን ረጅም ትንፋሽ አልተነፈሰም፣ ዓይኑንም አልጨፈነም። ተሳካልኝ አልኩ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ የደስታ ነበር።

በሾፌሮች መካከል ወሬ አያድርም። አንዱ ዝም ያለ ፍሬን ይዞ ሲመጣ ሌላው ያያል። ተሳፋሪዎችም ወደዱት፤ ሕፃን የያዙ እናቶች በተለይ። ከመና መስመር ሾፌሮች አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ፤ እኔም ቅዳሜና እሑዴን ለእነሱ ሰጠሁ። ግንቦት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በበራችን ላይ የሚጮህ መኪና በቀን አንድ ቢገኝ ነው።

አባቴ ደግሞ ከግቢ መውጣት ጀመረ። ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ የአጥሩ በር ላይ ይቆማል። አሥራ ሁለት ዓመት ከግቢ አልወጣ ያለ ሰው በመውጣቱ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ግን ነገሩ አላማረኝም። ምሳ ቀርቦለት አይገባም። ሲያካፋም አይገባም። መኪና አልፎ ሲታጠፍ እያነከሰ እስከ መታጠፊያው ይሄድና ቁልቁል አይቶ ይመለሳል። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ከየት ነው የመጣው መኪና፣ ስንት ሰው ይዟል ብሎ ይጠይቃል። ከሳ። መሳል ጀመረ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ብርድ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጠው። አእምሮው ደከመ ብዬ በልቤ አዘንኩ። እርጅና ነው አልኩ።

በግንቦት መጨረሻ አንድ እሑድ ወንበር ይዤ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ እዚህ ብርድ ላይ ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት።

"መኪናዎቹን" አለኝ።

ወዲያው አንድ ሚኒባስ ከላይ ብቅ አለ። አባቴ ተነሣ። አጥሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። መኪናው በፊታችን አልፎ፣ ታጥፎ፣ ታች ሜዳው ላይ ወጥቶ እስኪታይ ድረስ እጁን ከአጥሩ አላነሳም። የጣቶቹ ጫፍ ነጭ ሆኖ ነበር።

"ይሄ ይዟል" አለና ተቀመጠ።

ምኑ ነው የያዘው ብዬ ጠየቅኩት። ፍሬኑ አለኝ። ከዚያ፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ ያን ቀን ነገረኝ።

"ፍሬን ሲጮህ ይዟል ማለት ነው። ያን ቀን አልጮኸም። ረገጥኩ፣ ዝም። ደግሜ ረገጥኩ፣ ዝም። ከኋላዬ ሰዎቹ ያወራሉ፣ ይሥቃሉ። ማንም ገና አላወቀም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።"

ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ቀጠለ።

"እዚህ ቤት ሆኜ ሲጮህ ስሰማ፣ ይሄ ገብቷል፣ ይሄም ገብቷል እላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እንደዚያ ነው ያረፍኩት። አሁን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ አንዱም አይሰማኝም። ስለዚህ ወጥቼ በዓይኔ አያቸዋለሁ።"

ያ እጁን የሚያነሳው፣ ዓይኑን የሚጨፍነው፣ ያ ረጅም ትንፋሽ፣ ሥቃይ አልነበረም። እፎይታ ነበር። አባቴ በቀን አሥር ጊዜ የሚያገኘውን እፎይታ አንድ በአንድ የነጠቅኩት እኔ ነኝ፤ በሞረድና በመጋዝ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋቸው" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ስለ ሸራው፣ ስለ ጠርዙ፣ ስለ ጓርኒሲዮኑ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ለምን አለኝ። ላንተ ብዬ ነው አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ጥሩ ሥራ ነው። አንዱንም አልሰማሁትም" አለኝ።

ለጎረቤታችን ሾፌር በማግስቱ ነገርኩት። እሱም እንደ እኔ ደነገጠ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ አካም ቡልተኒ ኦቦ ብሎ አባቴን ሰላም ካለ በኋላ፣ እርስዎ ካሉ አሮጌውን ሸራ ነገውኑ እመልሳለሁ አለው። አባቴ እምቢ አለ። የልጄን ሥራ ሰው አይንቀልብኝ አለ። እንግዲያው በበራችሁ ባለፍኩ ቁጥር ጥሩምባ ልንፋልዎት አለው። አባቴ ፈገግ አለ፤ በዚያ ዓመት ሲሥቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ጥሩምባማ ፍሬን የሌለውም መኪና ይነፋል" አለ።

እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ሰው ባጠፋው ነገር ላይ ሲጨምርበት እንጂ ሲተወው እኮ አይታይም። ዝም ያለ ፍሬን እንደሚይዝ ራሱ ተሳፍሮ ካየ ይረጋጋል ብዬ አሰብኩ። ከከተማው በላይ እስካለው ሁለተኛ መታጠፊያ ድረስ ብቻ ወጥተን እንመለስ ብዬ ስንት ቀን ለመንኩት። በመጨረሻ ሰኔ አጋማሽ ላይ እሺ አለ። ለእኔ ብሎ እንጂ ለራሱ ብሎ እንዳልሆነ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። አባቴ ከፊት ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው ሆንኩ። ሲወጣ ደህና ነበር። ጽዱንና የአስታውን ቁጥቋጦ እያየ፣ ይህ ያኔ እንዲህ አልነበረም፣ ተመንጥሯል እያለ ያወራ ነበር። ዞረን መውረድ ስንጀምር ወሬው ቆመ። ሾፌሩ በተቻለው ሁሉ ቀስ ብሎ ይነዳል። ፍሬን ይይዛል፣ መኪናው ይታዘዛል፣ ምንም አይሰማም። አባቴ በማይነዳው መኪና ውስጥ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ እየደጋገመ ይረግጥ ነበር። ከኋላ ሆኜ አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ሾፌሩን አቁም ልለው ፈልጌ ሳልናገር በራችን ደረስን።

በራችን ላይ ወርዶ አጥሩን ተደገፈ። ሾፌሩን አመስግኖ ሸኘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "መያዙን አይቻለሁ፤ ጆሮዬ ነው እምቢ ያለኝ። አንቺ ምን ታደርጊ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ፍሬን አልተነጋገርንም። ክረምቱ ገባ። የጎባ ክረምት ጤነኛውንም ይፈትናል፤ አባቴ ግን በር ላይ መቆሙን አልተወም። ዣንጥላ እይዝለታለሁ፣ ወንበር አወጣለታለሁ፣ በቆርቆሮ መጠለያም አሠራሁለት። ሮቤ በምሆንበት ሰዓት ማን ያስገባዋል? ሳሉ ወደ ደረቱ ወረደ። ነሐሴ ላይ ሆስፒታል ገባ፤ ሳምባው ነው አሉኝ። በዘጠነኛው ቀን አረፈ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚያወራው ከእናቴ ጋር ነበር፤ ስለ መኪና አንድም ነገር አላነሳም። ሐኪሙ ዕድሜውንና የቆየ የደረት ሕመሙን እየጠቀሰ አጽናናኝ። ቃሉን አምኜዋለሁ። በር ላይ የቆመበትን ዝናብ ግን ከሐኪሙ ቃል መቀነስ አልቻልኩም።

ልቅሶው ላይ የመና መስመር ሾፌሮች ሁሉ መጡ። ብዙዎቹ ፍሬናቸውን የሠራሁላቸው ናቸው። ከቀብር በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ከሳሳ በኋላ፣ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ሰው ማር በዕቃ ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ከሪራ መምጣቱን ነገረኝ። የምናወራው በኦሮምኛ ነበር። አላህ ብርታቱን ይስጥሽ አለኝና ቀስ ብሎ ማንነቱን ነገረኝ፤ በዚያ መኪና ውስጥ ከሞቱት አራት ሰዎች አንዷ እናቱ ናት።

ወንበር አቀረብኩለት። እሱ ግን ሊወቅስ አልመጣም። ከአደጋው በሁለተኛው ዓመት የሟች ቤተሰቦች ተሰብስበው፣ ቂም የለንም፣ ይምጣና አብረን ዱአ እናድርግ ብለው በሾፌሮች መልእክት ልከውበት ነበር። ከዚያም በየዓመቱ ይልኩበታል። እሺ እመጣለሁ ይላል፤ አይመጣም። አጥሩ ሥር በሚቆመው መኪና መስኮት በኩል ይነገረው ነበር ማለት ነው፤ እኔ ኮሌጅ ሆኜ፣ እናቴም ሳታውቅ።

"መንገዱን ፈርቶ ነው እንጂ እኛን ፈርቶ አይደለም ብለን ነበር። እንደዚያ ነው አይደል?" አለኝ።

እንደዚያ ነው አልኩት። እውነቱን አላውቅም። አባቴ የፈራው መንገዱን ይሁን፣ ይቅርታቸውን ይሁን፣ የእነዚያን ቤቶች ደጃፍ ይሁን አላውቅም። ያን ግንቦት እሑድ ልጠይቀው እችል ነበር። ያን ዕለት ግን ስለ ራሴ ጥፋት እየተንተባተብኩ ነበር።

እናትህ መኪናው ውስጥ የት ነበር የተቀመጡት ብዬ ጠየቅኩት። ለምን እንደጠየቅኩት እንጃ። ልክ ከሾፌሩ ኋላ አለኝ። የተረፉት ሰዎች እንደነገሩት እናቱ እስከ መጨረሻው ድረስ አባቴን እያጫወተችው ነበር፤ አባቴም ይመልስላት ነበር።

ማሩን አስቀመጠ። ሲነሣ፣ አንቺም ብትሆኚ ነይ፣ እሱን ወክለሽ ነይ አለኝ። ክረምቱ ይውጣ፣ መስከረም ላይ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። እስከ መንገዱ ሸኘሁት።

ሥራውን አልተውኩትም። ሾፌሮች አሁንም ይመጣሉ፤ ጠርዙን እሰይፋለሁ፣ መሐሉን እሰነጥቃለሁ፣ ያመሰግኑኛል። ለሌላ ሰው ጥሩ ሥራ ነው። ከሪራ የመጣው ሰውዬ ሁለት ጊዜ በሾፌር ላከብኝ። እሺ እመጣለሁ በሉልኝ አልኩ። ይኸው ኅዳር ገባ፤ አልሄድኩም።